ሳይሞቅ የተበየደው ሽቦ

ድንቢጥ በዚያ እሁድ ምሳ ላይ ሩዙን በሹካ ከሳህኑ ዳር ወደ ዳር ስታመላልስ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደኋላ ዞር ብላ እንኳ ሳታይ ትገባ ነበር። ነገሩን ከሥሩ ካልጀመርኩላችሁ ግን ልጅቷን ገና ሳታውቋት ትፈርዱባታላችሁ፤ መፍረድ ደግሞ ለእኛ ለአንባቢዎችና ለጎረቤቶች ሲበዛ ይቀናናል።

ድንቢጥ የቅጽል ስሟ ነው። ሰውነቷ ትንሽ፣ እግሯ ፈጣን፣ ዓይኖቿም አንድ ቦታ የማይቀመጡ ስለሆኑ ሰፈሩ ያወጣላት ነው። እናቷ ልብስ አጣቢ ናት። ሰኞ ሰኞ አረንጓዴ በር ወዳለው ትልቅ ግቢ ገብታ ታጥባለች። የግቢው ባለቤት ዕድሜያቸውን ሙሉ ትምህርት ቤት ሲመሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ጡረታ መውጣታቸውን የሰማ የለም መሰል፣ ሰው ሁሉ ዛሬም «ዳይሬክተሯ» ይላቸዋል።

ከግቢው አጥር ጋር ተያይዛ ወደ መንገዱ የተከፈተች አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ የዳይሬክተሯ የመጨረሻ ልጅ ሬዲዮ፣ ስልክ፣ ካውያ፣ ብቻ ሽቦ ያለውን ነገር ሁሉ ይጠግናል። እሱንም ሰፈሩ አልማረውም፤ «ፊውዝ» ይሉታል። ሲናደድ አይጮህም፣ አይሳደብም፤ ዝም ብሎ ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ እስኪመለስ በጨለማ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

ድንቢጥ መጀመሪያ ወደ እሱ የሄደችው የተበጠሰ ኢርፎን ይዛ ነበር።

«ቁጭ በይና ራስሽ ሥሪው» አላት።

«እኔ? አቃጥዬው አርፋለሁ!»

«እሱ አስቀድሞ ሞቷል። ከዚህ በላይ አትገድይውም።»

የመበየጃውን ብረት ልክ እንደ እስክሪብቶ ከጫፉ ልትይዘው ስትል ጣቷን ለበለባት። ፊውዝ እጇን አፈፍ አድርጎ ቧንቧ ሥር ያዘላት። ቃጠሎው ከበረደ በኋላም ውሃው ይፈስ ነበር፤ እጇም እጁ ውስጥ ነበር። ሁለቱም ይህን ልብ ብለውታል፤ ስለ ውሃ ቆጣሪው ግን ሁለቱም አላሰቡም። ከዚያ ወዲህ ድንቢጥ የስልክ ሽፋን የምትሸጥባትን ጠረጴዛ ከሱቁ ደጃፍ አስጠግታ ዘረጋች። ገበያ ሲቀዘቅዝ ትገባለች፤ እውነቱን ለመናገር ገበያው ሲሞቅም ትገባለች።

«ሽቦውንና ቦርዱን አሙቂ» ይላታል ፊውዝ። «ሊዱን አንቺ አታቅልጪው። እነሱ ሲሞቁ ራሳቸው ያቀልጡታል።» ሊድ የሚሉት እንደ ክር የተጠቀለለውን፣ ቀልጦ ሲረጋ ሽቦን ከሽቦ የሚያያይዘውን ለስላሳ ብረት ነው። ድንቢጥ ግን ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ሊዱን በመበየጃው ጫፍ ላይ አቅልጣ ሽቦው ላይ ዱብ ታደርገዋለች፤ ዳቦ ላይ ማርማላታ የምትቀባ ነው የምትመስለው። ላይ ላዩን ሲያዩት የተበየደ ይመስላል። ፊውዝ በወረንጦ ነካ ሲያደርገው ብድግ ይላል።

«ተቀምጧል እንጂ አልያዘም» ይላታል። መበየጃውን ቶሎ ስለምታነሳው ከብየዳዋ ጫፍ ላይ ሁልጊዜ ቀጥ ያለች ትንሽ ሹል ነገር ትቀራለች። ፊውዝ ያቺን ሹል ባየ ቁጥር ይስቃል። «ድንቢጥ ጅራቷን ጥላልኝ ሄደች!»

በዚህ ዓይነት ተዋደዱ። ከሊዱ የሚወጣው የሙጫ ጭስ ዓይናቸውን እያስለቀሳቸው፣ በአንድ መብራት ሥር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተገጣጥመው፣ እሷ እየተነጫነጨች እሱ እየሳቀ ተዋደዱ።

ፊውዝ ጉዳዩን ለእናቱ በተናገረ ቀን ግን ቤቱ ተተራመሰ። መድኃኒት ቤት ያላት ታላቅ እህቱ ያቺን ጠባብ ክፍል ለዕቃ ማስቀመጫ ካሰበቻት ቆይታለች። «የእኛን አንሶላ የምታጥበው ሴትዮ ልጅ? ሴት ጠፍቶ ነው?» ብላ ጮኸች። ዳይሬክተሯ እሺም እምቢም ሳይሉ ሰነበቱ። በመጨረሻ «እሁድ ከነእናቷ ትምጣና ምሳ እንብላ። ቁጭ ብዬ ላናግራቸው እፈልጋለሁ» አሉ።

ጉዱ የፈላው ከምሳው በፊት ነው።

ዳይሬክተሯ ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል። በደረት ኪስ የሚያዝ፣ በሽቦ ከጆሮ ጋር የሚገናኝ የድሮ መስሚያ አላቸው። ልጆቻቸው «አዲስና ትንሽ እንግዛልሽ» ሲሏቸው «ከለመድኩት ጋር አታጣሉኝ» ብለው ይቆጣሉ። አርብ ከሰዓት በኋላ መስሚያውን ይዘው ወደ ሱቁ ብቅ አሉ። ፊውዝ ዕቃ ሊገዛ ወጥቶ ድንቢጥ ብቻዋን ነበረች።

«ከባትሪው የሚመጣው ሽቦ ሳይነቀል አልቀረም» አሉ ጮክ ብለው፤ የራሳቸውንም ድምፅ አይሰሙትም ነበርና። «ለእሁድ እንዲያደርስልኝ ንገሪው። እናትሽ የምትለኝን አንዲት ቃል ሳታመልጠኝ መስማት እፈልጋለሁ፣ ልጄ።»

ልጄ አሏት። እናቷ ጓሮ ስታጥብ፣ እሷ በሕፃንነቷ ከባልዲው አጠገብ በአረፋ ስትጫወት፣ እኚህ ሴት በረንዳ ላይ ጋዜጣ ሲያነቡ ነው የምታውቃቸው። አንድም ቀን በስሟ እንኳ ጠርተዋት አያውቁም። እሳቸው እንደሄዱ መስሚያውን እያየች፣ እኔው በገዛ እጄ ባበጀውስ አለች። እሁድ ምሳ ላይ ፊውዝ «እሷ ናት የሠራችው» ሲል፣ እህቱ አፏን ይዛ ስትቀር ታያት።

መበየጃውን አጋለችው። የመስሚያው ሽፋን ፕላስቲክ ነው፤ ይቀልጥብኛል ብላ ፈራች። የተማረችውን ሁሉ ረስታ ሊዱን ጫፉ ላይ አቅልጣ ዱብ አደረገችና መበየጃውን ቶሎ አነሳችው። ባትሪውን ከትታ ስትከፍተው እሽሽ አለ። ሠራ! በደስታ ብቻዋን ዘለለች። ነካ አድርጋ መፈተሽ አልታሰባትም፤ ወይም ታስቧት ፈራች።

ማምሻውን ዳይሬክተሯ መጥተው «ሠራው?» ሲሏት «አዎ፣ ሠራው» አለቻቸው። ለፊውዝም አልነገረችውም። ምሳው ላይ ላስደንቀው ብላ ነው።

*

እሁድ የድንቢጥ እናት በዋናው በር ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር። በጓሮ በር የለመደች እግሯ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ጫማዋን ታውልቅ አታውልቅ ግራ ገባት። ፊውዝ ክንዷን ይዞ አስገባት። ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና ውሃና ሳሙና የበላቸውን እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር ደበቀች። ድንቢጥ ከፊት ለፊቷ ከተቀመጠው ፊውዝ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠመች። ጨው ሊያቀብላት እጁን ሲዘረጋ ጣቶቻቸው ተነካኩ፤ የዓለም ጭንቀት ሁሉ ለዚያች ቅጽበት ለቀቃት።

እናቷ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሳምንቱን ሙሉ ልብስ እያሸች ስታጠናው የሰነበተችው ንግግር ነበራት።

«እትዬ» አለች በቀጭን ድምፅ። «ይህን ልጅ የወደድኩት የእርስዎ ልጅ ስለሆነ አይደለም። ልጄን ሲያናግራት ሰምቼዋለሁ፤ በአክብሮት ነው የሚያናግራት። እኔ አብሬ የምልክላት ሀብት የለኝም። አደራ ማለት ብቻ ነው የምችለው። አደራዎን፣ እትዬ።»

ድንቢጥ እንባዋ መጣ። ሾርባቸውን ይቀምሱ የነበሩት ዳይሬክተሯ ቀና አሉና ወደ ትልቋ ልጃቸው ዞሩ።

«ጨው አንሶታል» አሉ።

የእናቷ ፊት ላይ የነበረው ፈገግታ ወዴት እንደሚሄድ ጠፋው። የተናገረችውን ከአየር ላይ መልሳ ለመሰብሰብ የፈለገች ይመስል ከንፈሯን ገጥማ አቀረቀረች። ፋርማሲስቷ እንኳ ደነገጠች።

«እማዬ! እያናገረችሽ እኮ ነው!»

ዳይሬክተሯ ኪሳቸውን ነካ አደረጉ። መስሚያው አንዴ እሽሽ አለና ጠፋ። መታ አደረጉት፤ መጣ፤ ደግሞ ጠፋ። «አሁንስ? እስቲ አሁን ተናገሩ» እያሉ እንግዳ ፊት ደረታቸውን ሲመቱ፣ እነዚያ በድምፃቸው ብቻ ትምህርት ቤት ሙሉ ልጅ ያሰልፉ የነበሩ ሴት ፊታቸው ፍም መሰለ።

«አንተ አልነበርክ የሠራኸው?» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው።

ፊውዝ ምንም ሳይገባው ተነስቶ መስሚያውን ተቀበላቸው። ከቁልፍ ማንጠልጠያው ላይ ትንሽ ካቻቢቴ ፈታና ጀርባውን ከፈተው። ድንቢጥ ከተቀመጠችበት ሆና አየችው። እዚያው ነበረች፤ ትንሽ፣ ግራጫ፣ ቀጥ ያለች ጅራት። ፊውዝም አያት። ቀስ ብሎ ቀና አለና ድንቢጥን ተመለከታት። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት በተሻላት።

«የኔ ጥፋት ነው» አለ እናቱ እንዲሰሙት ጮክ ብሎ። «ቸኩዬ ነው የበየድኩት።»

እኔ ነኝ። ሁለት ቃል ናት። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ግን ፋርማሲስቷ እያየቻት ነው፤ ከጎኗ እናቷ አቀርቅራለች፤ የእናቷን አንገት ያስደፋችው ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን እሷው ናት። ሹካዋን አነሳችና ሩዙን ከዳር ወደ ዳር ማመላለስ ጀመረች።

«ለሰው ሬዲዮ ቀን ሙሉ ትጎነበሳለህ፤ ለእናትህ ጆሮ ትቸኩላለህ» አሉ ዳይሬክተሯ። «በገዛ ቤቴ መሳቂያ አደረግኸኝ። እህትህ እውነቷን ነው፤ ነገ ጠዋት የሱቁን ቁልፍ አምጣልኝ።»

«እማዬ፣ አሁኑኑ ላስተካክለው።»

«አትንካው!» ከእጁ ነጥቀው መሳቢያ ውስጥ ከተው ቆለፉበት።

ፊውዝ ተቋረጠ። እንግዶቹን እስከ በር ሸኘ፣ ለእናቷ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፤ ድንቢጥን ግን ዳግመኛ ቀና ብሎ አላያትም። ድንቢጥ የዚያን በር መዘጋት በጆሮዋ ሳይሆን በሆዷ ነው የሰማችው።

*

እናትና ልጅ መንገዱን አጋመሱ።

«አልሰሙኝም እንጂ ንቀውኝ አይደለም» አለች እናቷ በመጨረሻ፣ ራሷን የምታጽናና መስላ። «አውቃለሁ። ግን ደግሜ አልለውም። ድፍረቴ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነበር የበቃችው።»

«እማ፣ መስሚያውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

እናቷ ቆመች። ድንቢጥ ሁሉንም ነገረቻት፤ ሊዱን፣ «ሠራው» ያለችውን፣ ሹካውን። እርግማን ስትጠብቅ እናቷ መንገድ ዳር ካለ ግንብ ላይ ቁጭ አለችና ነጠላ ጫማዋን አውልቃ አራገፈችው፤ ውስጡ ምንም አልነበረም።

«አንቺ ገና ሕፃን ሳለሽ የእትዬን የሐር ቀሚስ በካውያ አቃጠልኩት» አለች። «ቃጠሎውን ወደ ውስጥ አጥፌ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። አይተውት ይሁን ሳያዩት እስከ ዛሬ አላውቅም። አልጠየቁኝም። እኔም ይኸው ከዚያ ወዲህ ፊታቸውን ቀና ብዬ አላየሁም። ሰው ድህነቷ ነው አንገቷን ያስደፋት ይላል። ምን ድህነት! ቀሚሱ ነው እንጂ።»

ድንቢጥ እናቷን አቅፋ ማልቀስ ፈለገች፤ ግን የማቀፍ መብት ያላት አልመሰላትም።

*

ሰኞ ጠዋት ሱቁ ስትደርስ ፊውዝ ዕቃውን በካርቶን ይሰበስብ ነበር። ቁልፉን አስቀድሞ ለእናቱ ሰጥቷል።

«ደህና አደርክ?»

ቀና ሳይል መበየጃውን በጨርቅ ጠቀለለው።

«ተናገር እንጂ! ስደበኝ፤ ከፈለግህም ጩህብኝ!»

የሽቦ ጥቅል ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጠ።

«ለምን የኔ ነው አልክ?» አለች። ሌሊቱን ስታብላላው ያደረችው ነገር አፏን ቀደማት። «ስላፈርክብኝ ነው፣ አይደል? የአጣቢዋ ልጅ የቤታችንን ዕቃ ነካካች እንዳይባል! እህትህ እንዳትስቅብህ!»

ፊውዝ ዞረ።

«እኔ? እኔ ነኝ ያፈርኩብሽ?» ድምፁ ሰለል ብሎ ወጣ። «ያችን ጅራት ሳይ መጀመሪያ ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ? ደስ አለኝ። ለእናቴ ብለሽ እንደሞከርሽ ገባኝ። የኔ ነው ያልኩት ትንፋሽ እንድታገኚ ነበር። አሁን ትናገራለች አልኩ። ሳህኑ ተነሳ፤ አሁን ትናገራለች አልኩ። ብርቱካን ቀረበ፤ አሁን አልኩ። እስከ በር ሸኘኋችሁ፤ ድንቢጥ፣ እስከ በሩ ድረስ እየጠበቅሁሽ ነበር!»

«ፈራሁ።»

«እኔም ፈራሁ። አንቺ በእኔ ያፈርሽ መሰለኝ። በዚህ ጭስ በጠገበ ክፍል፣ በተለበለበ ጣትሽ፣ እዚህ ከኔ ጋር ጎንበስ ብለሽ በመዋልሽ። ሰው እንዲያውቅብሽ የማትፈልጊው መሰለኝ።»

«እኔ እኮ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለኝም!»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

ፊውዝ ወረንጦውን አንስቶ አገላብጦ አየውና ካርቶኑ ውስጥ ጣለው።

«የተበላሸ ብየዳ ይነቀላል፤ ተጠርጎ ይደገማል። ዝምታሽን በምን ልንቀለው?»

«አሁንም ትወደኛለህ?»

ፊውዝ ጀርባውን ሰጣት። ተቋርጦ ነበር። ድንቢጥ ጭስ የለመዱ ዓይኖቿ ያለ ጭስ እየነደዱ ወጣች።

*

ወደ ቤቷ አልሄደችም። አረንጓዴውን ዋና በር ገፍታ ገባች። ሰኞ ነው፤ እናቷ ከቧንቧው አጠገብ ተቀምጣ እስከ ክንዷ አረፋ ውስጥ ገብታለች። ፋርማሲስቷ ክፍሉን ልትረከብ መጥታ ሁለት ሠራተኞቿን ይዛ ግቢው መሐል ቆማለች። ዳይሬክተሯ በረንዳው ላይ ነበሩ። ጠረጴዛቸው ላይ ቁልፉ፣ ከአጠገቡ ወረቀትና እስክሪብቶ ተቀምጧል፤ ከትናንት ጀምሮ የቤቱ ሰው የሚያናግራቸው እየጻፈ ነው።

«እትዬ፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለች ድንቢጥ።

«ምን አልሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«አልሰማም፣ ጻፊልኝ» አሉና ወረቀቱን ገፋ አደረጉላት።

እንዴት ያለ እፎይታ ነበር! እስክሪብቶውን አነሳችና «እኔ» ብላ ጻፈች። እዚያ ላይ እጇ ቆመ። ዳይሬክተሯ ያነቡታል፤ አጥፈው ኪሳቸው ይከቱታል። ነገሩ በሁለት ሴቶች መካከል ተጣጥፎ ይቀራል። ፊውዝ ግን በእህቱም፣ በሠራተኞቹም፣ በሰፈሩም ዓይን የእናቱን ጆሮ በችኮላ ያበላሸ ልጅ ሆኖ ይኖራል። ደግሞ እሷም ከእንግዲህ እኚህን ሴት ባየች ቁጥር የምትመለከተው ጫማቸውን ይሆናል። እስክሪብቶውን አስቀመጠች፣ ጠረጴዛው ላይ ተደግፋ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች፣ ትንፋሿን ሳበች።

«እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። «መስሚያውን የበየድኩት እኔ ነኝ! ልጅዎ አልነካውም! ገና እየተማርኩ ነው፤ ሳልችልበት ነካካሁት! ‹ሠራው› ያልኩዎት ውሸቴን ነው! እሁድ እሱ በኔ ጥፋት ሲሰደብ ሩዝ እያማሰልኩ ዝም አልኩ!»

የቧንቧው ውሃ ቆመ። ሠራተኞቹ ተያዩ። በአጥሩ በኩል የምታልፍ አትክልት ሻጭ ቅርጫቷን ይዛ በሩ ላይ ቀጥ አለች። ድንቢጥ ፊቷ እስከ አንገቷ ጋለ። ልብሷን አውልቀው አደባባይ ያቆሟት ያህል አፈረች፤ ግን አልሸሸችም፤ እግሮቿ ቢታዘዙላት ኖሮ ግን አትሸሽም ነበር ብዬ አልምልም።

ዳይሬክተሯ ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ።

«ስትጮኺ ሁለተኛው ‹እኔ ነኝ› ላይ ሰምቼሽ ነበር» አሉ። «የቀረውን የሰማው ሰፈሩ ነው።»

አትክልት ሻጯ ሳቋ አመለጣት። ዳይሬክተሯ አልሳቁም። ቁልፉን አንስተው መዳፋቸው ላይ ያዙት።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሁለቱንም ወገን ሳልሰማ በተማሪ ላይ ፈርጄ አላውቅም። ትናንት በገዛ ልጄ ላይ፣ ያውም በእንግዳ ፊት ፈረድኩ።» ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ። «እናትሽም ስታናግረኝ ስለ ጨው አወራሁ። እኔም የማፍርበት አላጣሁም።» ቁልፉን ወደ ጠረጴዛው ጫፍ፣ ወደ ድንቢጥ በኩል አስጠጉት። «ይሄን የወሰድኩት ያለ አግባብ ነው። ይመለስለት።»

«እማዬ፣ ሠራተኞቹን እኮ ይዤ መጥቻለሁ!» አለች ፋርማሲስቷ።

ዳይሬክተሯ አልሰሟትም፤ ወይም መስማት አልፈለጉም።

«አንድ ነገር ግን አልገባኝም» አሉ ድንቢጥን ትክ ብለው እያዩ። «ልጄን ወልጄ አሳድጌዋለሁ። ሲያጠፋ ዝም ይላል እንጂ ዋሽቶ አያውቅም። ታዲያ ላንቺ ሲል ለምን ዋሸ?»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ጥያቄ ነበር። ትናንት ቢጠይቋት መልሱን ከጣሪያ በላይ ትጮኸው ነበር። ዛሬ ግን አሁንም እውነት ይሁን አይሁን አታውቅም። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት «ይወደኛል» ብላ፣ እሱ መጥቶ «ድሮ ነበር» ቢልስ? ጥፋትን ጮኾ መናገር ያሳፍራል። የማያውቁትን ፍቅር ጮኾ መናገር ግን ቆዳ የሚያስገፍፍ ነገር ነው።

«ስለሚወደኝ» አለች በሹክሹክታ።

«ምን?»

«ስለሚወደኝ!»

«አልሰማሁሽም!»

«ስለሚወደኝ ነው!» ድምፏ መሐል ላይ ተሰነጠቀ። ዓይኗን ጨፈነች። የግቢው ሰው ሁሉ ሲያያት ይሰማት ነበር።

ከኋላዋ የካርቶን ሳጥን መሬት ላይ ሲቀመጥ ሰማች። ዓይኗን ገልጣ ስትዞር ፊውዝ በሩ ላይ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ እግዜር ይወቅ። ጩኸቱ ሱቁ ድረስ ካልተሰማ የትም አይሰማም ነበር። ፊቱ ቀልቷል፤ ጥቁር ጭስ የነካው ጣቱ ሸሚዙ ላይ አርፏል። ወደ እናቱ አላየም፤ ወደ እህቱም አላየም። ትናንት ምሳ ላይ ያያት ዓይን ነበር የሚያያት፣ ግን የሚጠብቀው ነገር አልቆበት፣ ልስልስ ብሎ።

«እውነቷን ነው» አለ።

ቀስ ብሎ ነበር ያለው። ለእሷ ብቻ ነበር ያለው።

«ምን አለ?» አሉ ዳይሬክተሯ የልጃቸውን ከንፈር አይተው። ከወንበራቸው ግማሽ ብድግ ብለዋል። «ምን አለ? ንገሪኝ እንጂ!»

ድንቢጥ አፏን ከፈተች። ለጥፋቷ የበቃ ድምፅ፣ ለሰፈሩ ሁሉ የተረፈ ድምፅ፣ ለዚህች አንዲት ነገር አልወጣ አላት። እንባዋ ብቻ ወረደ። እጇን ወደ ፊውዝ ዘርግታ መልሳ አወረደችው።

«ምን አለ?» አሉ ዳይሬክተሯ ደግመው፤ አሁን ልመና ነበር የሚመስለው።

ከቧንቧው በኩል እናቷ ተነሳች። አረፋው ከክንዷ እየተንጠባጠበ ግቢው መሐል ድረስ መጣች። በዚያ ቤት ከሹክሹክታ በላይ ተናግራ የማታውቅ ሴት፣ ደረቷን ነፍታ፣ እስከ መንገዱ ማዶ በሚሰማ ድምፅ ጮኸች።

«እውነቷን ነው አለ፣ እትዬ! ይወዳታል! ልጅዎ ልጄን ይወዳታል!»

«ሰማሁ» አሉ ዳይሬክተሯ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «ሰማሁ።»

ድንቢጥ ፊቷን በሁለት እጆቿ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። ኀፍረቱ ገና አልወጣላትም፤ ደስታውም ገና አላመነችውም። ሁለቱ አንድ ላይ ተቀላቅለው በጣቶቿ መካከል ይፈሱ ነበር።